የትርፉ ወር ግብዣ

ኢንዱማቲ ነገሩን የሰማችው ለመስማት ብላ አይደለም። እሑድ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገላዋን ታጥባ፣ እርጥብ ጸጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፣ ወጥ ቤቱ ጥግ ካለው የአማልክት መደርደሪያ ፊት ቁጭ ብላ የኩራዙን ክር በጣቶቿ እየፈተለች ነበር። የበረንዳው በር ክረምት በገባ ቁጥር እርጥበት እየጠጣ ያብጣል፤ ካበጠ ደግሞ አይገጥምም። ባልገጠመው በር በኩል የልጇ የኬታኪ ድምፅ መጣ። ኬታኪ ለግብዣው ልታግዛት ከዋዜማው ጀምሮ እናቷ ቤት ነበረች፤ አሁን ከባሏ ጋር በስልክ እያወራች ነው። «አልበላሁም» አለች። ትንሽ ዝም። «ትናንት ማታም አልበላሁም። እማ እየጠበሰች ነበር፣ ሽታው ብቻ ነው።» እንደገና ዝም። «ባለፈው አርባ ዘጠኝ ከግማሽ ነበር… እሺ። ማታ ስንመለስ እወጣበታለሁ። ይቅርታ አልኩህ እኮ።» ሰው የሚወጣበት፣ አርባ ዘጠኝ ከግማሽ የሚል፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ ኢንዱማቲ ሁለት ክር ፈተለች። ሦስተኛውን ስትጀምር ገባት።

ወሩ ትርፉ ወር ነው። በየሦስት ዓመቱ ገደማ የጨረቃና የፀሐይ አቆጣጠር አልገጥም ሲል ተጨምሮ የሚገባ፣ ሠርግ የማይደገስበት፣ ቤት የማይገዛበት፣ ጾምና ጸሎት ብቻ የሚሠራበት ወር። ኢንዱማቲ በዚህ ወር በቀን አንዴ ብቻ ነው የምትበላው። ካገባች ጀምሮ አሥራ ሁለት ትርፍ ወሮች መጥተው ሄደዋል፤ አንዱንም አላጎደለችም፣ ኬታኪን እያጠባች ሐኪም የተቆጣት ጊዜ እንኳን። ዘንድሮ ደግሞ ልጇም እንደምትጾም በስልክ ነግራት ስለነበር፣ ፑኔ ከተማ መሀል ያለው የዚህ አሮጌ ሕንፃ ነዋሪ ሁሉ ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይህንን እንዲያውቅ አድርጋለች። ባንክ የምትሠራ ልጅ፣ ዲግሪ ያላት ልጅ፣ በቀን አንዴ! ደረጃ ላይ ያገኛት ሁሉ «እንዲህ ያለች ልጅ ዛሬ የት ይገኛል?» ይላታል። እሷም «ኧረ ምን አላት፣ ትንሽ ነገር ነው» እያለች ደረጃውን ከወትሮው ቀስ ብላ ትወጣ ነበር።

በትርፉ ወር አማች እንደ ቪሽኑ አምላክ፣ ልጅም እንደ ሚስቱ፣ እንደ ሀብት አምላኳ ላክሽሚ ይቆጠራሉ። ወላጆች ይጠሯቸዋል፣ የአማቻቸውን እግር ያጥባሉ፣ ሠላሳ ሦስት አናርሳ ከኩራዝ ጋር ይሰጣሉ። ኩራዙ የብር ሆኖ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሩፒ ወጥቶበታል፤ አማቻቸው ሺሪሽ አስቀድሞ ደውሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለኔ አይደለም፣ እናቴ ንጹሕ ብር ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች ብዬ ነው» ብሎ ነበር። ቅቤው ኪሎው ስድስት መቶ ሃምሳ ገብቷል። ቲማቲም መቶ ስልሳ ሩፒ ስለደረሰ ግን አምላክም አማችም ያለ ቲማቲም እንዲያልፉት ተወስኗል። አናርሳ የሚሉት ጣፋጭ ሩዙ ሦስት ቀን ተዘፍዝፎ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ከጥቁር የሸንኮራ ስኳር ጋር ታሽቶ፣ ቀናት ቆርቆሮ ውስጥ ሰንብቶ ነው የሚጠበሰው። ዘንድሮ ዝናቡ ስላላቆመ ሩዙ የደረቀው መኝታ ቤት ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ በሚሽከረከረው ማራገቢያ ሥር ነው። ባልና ሚስቱም ሁለት ሌሊት ግድግዳ ተጠግተው ተኝተዋል። ቅዳሜ ማታ ሃያ ስድስት ያማሩ ወጥተዋል። ሰባት ይቀራሉ።

ኢንዱማቲ ጸሎቷን አንድም ቃል ሳትዘል ጨረሰች። ከዚያ ቅቤውን ጣደች። ኬታኪ ከበረንዳ ገብታ ስልኩን ሳሎን አስቀምጣ መጣችና፣ ሊጡን እያደቦለቦለች እንደ ሰሊጥ በደቀቀ ነጭ ፍሬ ላይ መጠፍጠፍ ጀመረች። የመጀመሪያው አናርሳ ቅቤው ውስጥ እንደገባ ተበታተነ። እዚህ አገር አናርሳ ሲበታተን «ሳቀ» ይባላል። ሁለተኛውም ሳቀ። በዚያ ጧት ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚስቅ ሌላ አልነበረም። ኬታኪ ልጅ ሳለች የሳቀው አናርሳ ሁሉ የእሷ ድርሻ ስለነበር፣ ባይስቅ እንኳን እንዲስቅ ጠርዙን በማንኪያ የምትነካካ ልጅ ነበረች። ኢንዱማቲ ስብርባሪውን አውጥታ በሳህን ሰጠቻት። ኬታኪ ተቀበለች፣ አሸተተች፣ «በኋላ» ብላ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። እጇን ስታነሣ አምባሮቿ ተንሸራተው ክርኗ ላይ ተሰበሰቡ። የሸሚዟ ጎንና ጎን በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፣ በአንዱ ወገን ሦስት፣ በሌላው አራት። ኢንዱማቲ ይህንን ትናንትም አይታዋለች። ትናንት ግን ጾም ነበር።

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አለች፣ ዓይኗን ከቅቤው ሳታነሣ።

«ምኑ?»

«በቀን አንዴ መብላቱ።»

«ወሩ ከገባ አሥራ ሁለት ቀኑ አይደል እንዴ?»

«የወሩን አልጠየቅኩሽም። የበረንዳው በር አይገጥምም።»

ኬታኪ እጇ ላይ ያለውን ሊጥ ጠፈጠፈችው፣ መልሳ አደቦለቦለችው፣ እንደገና ጠፈጠፈችው። «ስምንት ወር» አለች በመጨረሻ።

ነገሩ ሲነገር አጭር ነበር። የሺሪሽ የሥራ ባልደረባ ሠርግ ላይ ፎቶ ተነሡ። ፎቶው ሲመጣ ሺሪሽ አጉልቶ አየውና «ሁለት ወንበር የያዝሽ ነው የምትመስይው» አላት። በማግስቱ ሚዛን ገዝቶ መጣ፣ መስታወት የሆነ፣ ቁጥሩ በሰማያዊ የሚበራ። በየእሑዱ ማታ ትወጣበታለች፤ እሱ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ይጽፋል። ከቀነሰ «ጎበዝ» ይላታል። ከጨመረ በማግስቱ ሻይ ብቻ ነው። ፍሪጁን ሲከፍት ውስጡን ቀድሞ ካነሣው ፎቶ ጋር ያስተያያል። መጀመሪያ አርባ ስምንት ኪሎ ከደረሰች እንደሚበቃ ተነጋግረው ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ግን አርባ አምስት ያምርባታል ብሏል። «አይመታኝም እኮ እማ» አለች ኬታኪ። «ጮኾብኝ እንኳን አያውቅም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ደውዬ ነበር። ‘እማ፣ በቀን አንዴ ነው የምበላው’ አልኩሽ። አንቺ ወሩ መስሎሽ በጣም ደስ አለሽ። ‘ጎበዝ ልጄ’ አልሽኝ።» ሌላ ሊጥ አነሣችና «እሱም እንደዚያው ነው የሚለኝ» አለች። እናቷን ልትወቅስ ብላ አልነበረም፤ የአውቶቡስ ቁጥር እንደምትናገር ነው የተናገረችው። ኢንዱማቲ ሦስተኛውን አናርሳ አወጣች። ሳይስቅ፣ ቀይ ሆኖ ወጣ። ሃያ ሰባት።

ሠላሳ ሦስቱ ከሞሉ በኋላ ኢንዱማቲ ባሏን ፍለጋ በረንዳ ወጣች። ዋማን ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጧት ጧት ጋዜጣውን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ካለው ቀን ጀምሮ የሟቾች ማስታወቂያ እስኪያልቅ ያነባል፤ አንብቦም ስላነበበው አይናገርም። ኢንዱማቲ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ይሰማሉ?» አለችው፤ የሠላሳ ስድስት ዓመት መጠሪያው ይኼው ነው። ቆማ የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። ዋማን ጋዜጣውን አጠፈ። ከዚያ ዘረጋው። ከዚያ እንደገና አጠፈው።

«ኩራዙ ተገዝቷል» አለ።

«ተገዝቷል።»

«በየስንት ቀኑ ነው የሚመዝናት?»

«በየእሑዱ ማታ።»

«ዛሬ እሑድ ነው» አለና ሊታጠብ ገባ። ኢንዱማቲ ከዚህ ምን መረዳት እንዳለባት አላወቀችም። ልጅ ከባሏ ቤት አስቀርቶ ማስቀመጥ በዚህ ቤትም፣ በእናቷ ቤትም፣ በሕንፃውም ሆኖ አያውቅም። ዝም ብላ «አትሄድም» ብትል ሺሪሽ ሊከራከር ይችላል፤ መከራከር ደግሞ ያውቅበታል፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ ሌላውን ሰው ተቆጪ አድርጎ። ከወግ ጋር ግን ሲከራከር አይታው አታውቅም። ስለዚህ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ምድር ቤት የሚኖሩት ጎዳቫሪ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ማን በየትኛው ቀን ጸጉሩን እንደማይታጠብ፣ ለየትኛው ጾም ድንች እንደሚፈቀድ፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ ዞሮ እንደማይተኛ፣ ሕንፃው በሙሉ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ጥርስም ጥርጣሬም የላቸውም። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የአበባ ጉንጉን ሲሠሩ አገኘቻቸው።

«አክስቴ፣ በትርፉ ወር የተዳረች ልጅ እናቷ ቤት የምትሰነብትበት ወግ አለ?»

«የለም» አሉ ጎዳቫሪ። «አዲስ ሙሽራ በክረምቱ መግቢያ ትመጣለች። በትርፉ ወር የሚባል የለም። ምነው?»

«ባሏ እየመዘናት ነው።»

«እንዴት አድርጎ ነው የሚመዝናት?»

«ሚዛን ላይ አውጥቶ። ከጨመረች አያበላትም።»

«እንደ ሽንኩርት?»

«ሽንኩርትስ ሲከብድ ዋጋው ይጨምራል፣ አክስቴ።»

ጎዳቫሪ ድዳቸውን ለጥቂት ጊዜ አኘኩ። ከዚያ አበባውን ወደ ጎን አደረጉ። «እንግዲያው አለ» አሉ።

«ምኑ?»

«ወጉ ነዋ! ስንት ቀን ነው የፈለግሽው?»

ሺሪሽ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ በባጃጅ መጣ። የማይጠጣ፣ የማያጨስ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፤ ልጅቷን ሲጠይቁለት ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያነሡት ይህንኑ ነበር። ጫማውን በር ላይ አስተካክሎ፣ አፍንጫውን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀመጠ። ጃንጥላውን አራግፎ ሰቀለ። ኢንዱማቲ «እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ» አለችው፤ በዕድሜ ሃያ ሦስት ዓመት ብትበልጠውም አንቱ ነው የምትለው፣ አማች ነውና። እንጨት መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። ዋማን በሚያመው ጉልበቱ ተንበርክኮ ከመዳቡ ማሰሮ ውሃ አፈሰሰ። ሺሪሽ «ኧረ አባባ፣ ይሄማ አይገባም» እያለ ሁለተኛውን እግሩን አቀረበ። ዋማን ጣት በጣት አጠበው፣ በአዲስ ፎጣ አደረቀው። ኢንዱማቲ ግንባሩ ላይ ቀይ ዱቄት ቀባችው፤ ኩራዙን ከሠላሳ ሦስቱ አናርሳ ጋር ሰጡት። ሺሪሽ ኩራዙን በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ ክብደቱን ለካ። የጣሪያው ማራገቢያ በየዙሩ አንዴ ኩክ ይላል።

ምሳው ቀረበ። በአተር ክክና በሸንኮራ ስኳር የተሞላ ስስ ቂጣ፣ ላዩ ላይ ቅቤ፣ ሩዝ፣ የኮኮናት ሰላጣ፣ የድንች ጥብስ። ኢንዱማቲ የሁለቱን ሳህን ጎን ለጎን አድርጋ እኩል እኩል ሞላች። ሺሪሽ በደንብ በላ፤ አራተኛውን ቂጣ «ለእርስዎ ብዬ ነው» ብሎ ተቀበለ፤ አምስተኛውን ሳይል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዲሱ ባቡር መስመር፣ በነሱ ሰፈር የአንድ ክፍል ኪራይ አሥራ ስምንት ሺህ ሩፒ ስለመድረሱ አወራ። ኬታኪ አንዷን ቂጣ በጣም ትንሽ ትንሽ እየቆረሰች፣ ብዙ የበላች እንድትመስል ቁራሹን ሳህኑ ላይ ዙሪያውን እየበታተነች ጨረሰች። ኢንዱማቲ ሁለተኛ ልታደርግላት ስትጎነበስ ሺሪሽ ፈገግ አለ።

«ኬታኪ፣ በቃሽ አይደል?»

የኬታኪ እጅ ከሳህኑ ላይ ተነሣ።

«ጾም ላይ ናት እኮ እማማ» አለ ሺሪሽ። «በቀን አንዴ ነው።»

«አንዷ ይቺ ናታ» አለች ኢንዱማቲ፣ ቂጣውንም ሳህኑ ላይ ተወችው።

በዚህ መሀል ጎዳቫሪ በምርኩዛቸው እየተመሩ ገቡ። ሦስት ፎቅ ወጥተው ስለነበር መጀመሪያ ተቀምጠው ተነፈሱ፤ ውሃ ጠጡ፤ አማቹን መረቁ። ከዚያ ወሬ እንደሚጠይቅ ሰው «ታዲያ ልጅቷን መቼ ነው የምትወስዳት?» አሉት።

«አሁን፣ ቡና ከጠጣን በኋላ።»

«አሁን?» ጎዳቫሪ ወደ ኢንዱማቲ ዞሩ። «አልነገራችሁትም እንዴ? እግሩ ታጥቦ፣ ኩራዝ ተቀብሎ ልጅቷን በዚያው ቀን ይዞ ይወጣል? ላክሽሚን ከቤት ማስወጣት እኮ ነው። ወሩ አልቆ፣ ከዚያ ላይ ሠላሳ ሦስት ቀን ሞልቶ ነው ሴት ልጅ የምትሄደው።»

«እኔ እንዲህ ያለ ወግ ሰምቼ አላውቅም፣ አያቴ» አለ ሺሪሽ በጨዋነት።

«ስንት ትርፍ ወር አይተሃል አንተ?»

«እ… አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።»

«እኔ ሃያ ሰባት አይቻለሁ። አሥራ ሁለተኛው ላይ እኔም አልሰማሁም ነበር።»

ሺሪሽ ሳቀ፤ ማንም ስላልተከተለው ተወው። ነገ ሥራ እንዳላት ተናገረ፤ ጎዳቫሪ አውቶቡሱ በዚህም እንደሚያልፍ ነገሩት። ልብስ አልያዘችም አለ፤ የእናቷ ሳሪ ዛሬ ዛሬ ሁለት ጊዜ እንደሚዞርላት ነገሩት። ያኔ ሺሪሽ ከአሮጊቷ ጋር መነጋገሩን ትቶ ወደ ሚስቱ ዞረ። ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። «ኬታኪ፣ እጅሽን ታጠቢና እንሂድ። ቤት እንነጋገራለን።»

ኬታኪ ቀና ብላ አላየችውም። ኢንዱማቲ ልጇ ልትነሣ ነው ብላ አሰበች፤ ትከሻዋ መነሣት ጀምሮ ነበርና። የወጉም፣ የጎዳቫሪም፣ የሦስቱ ፎቅም ነገር ከንቱ ሊሆን ነው። ኬታኪ ግን እጇን ዘርግታ ሳህኑ ላይ የተተወውን ቂጣ አነሣች። ሳትቆርሰው ሁለት አጥፋ ጎረሰች። አኘከች፣ ዋጠች፣ ደግማ ጎረሰች። ቅቤው በእጅ አንጓዋ ወረደ። ሁሉም ቂጣው እስኪያልቅ ድረስ ተቀምጠው አዩአት፤ ሺሪሽም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጉርሻዋን የሚቆጥር ይመስል ነበር። ስትጨርስ ጣቶቿን ላሰች።

«ለጤናዋ ነው» አለ ሺሪሽ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ምን እንደነገረቻችሁ አላውቅም። እኔ ለጤናዋ ብዬ ነው።»

ከእግር ማጠቡ ወዲህ ቃል ያልወጣው ዋማን ጉሮሮውን ጠረገ። «ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ቤት ስመዝን ነው የኖርኩት» አለ። «ጥቅል፣ መጽሐፍ፣ የማንጎ ካርቶን። ሲከብድ ላኪው ይከፍላል፤ ጥቅሉን ለምን ከበድክ ብለን ተቆጥተነው አናውቅም። ጡረታ ስወጣ ሚዛኑን እዚያው ትቼው መጣሁ። እዚህ ቤት ሚዛን የለም። ልጄ ሚዛን የሌለበት ቤት ትቀመጣለች።» ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ መናገሩ እሱንም ሳይገርመው አልቀረም፤ ውሃ ጠጣ።

ሺሪሽ ተነሣ። ጫማውን አደረገ፣ ማሰሪያውን ሁለቴ አሰረ። ኢንዱማቲ ሠላሳ ሦስቱን አናርሳ በቆርቆሮ፣ ኩራዙን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። ለአማች የተሰጠ አይመለስም፤ ያኛው ወግ ደግሞ እውነተኛ ነው። ሁለት እጁ በስጦታ ስለተያዘ ጃንጥላውን መክፈት አልቻለም። ከበረንዳ ስታየው ብብቱ ሥር ወትፎት፣ በዝናቡ ውስጥ ቆሞ ባጃጅ በአገጩ ይጠራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር መጣ። የሺሪሽ እናት ደወሉ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰብስበው ስለማይጠጣውና ስለማያጨሰው ሰው ተናገሩ። ሠላሳ ሦስቱ ቀን አልቆ ጎዳቫሪ ሌላ ወግ ማግኘት ነበረባቸው፤ አገኙም። ኬታኪ በስተመጨረሻ ለባሏ ራሷ ደውላ እንደማትመለስ የነገረችው በጥቅምት ነው፣ በቀን ብርሃን፣ ከባንኩ በር ላይ። ይህ ሁሉ ግን ገና ነበር።

የዚያን እሑድ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የኬታኪ ስልክ ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ኢንዱማቲ የምሽቱን ክር አብርታ ከአማልክቱ ፊት ስትነሣ ኬታኪ ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ግማሽ ውስጥ ግማሽ ውጭ ቆማ አገኘቻት። የእናቷን የቤት ልብስ ለብሳለች፤ ትከሻው ላይ አይቆምም። ምድጃው ላይ ዋማን የሚበላው ሩዝና የክክ ወጥ ነበር።

«እማ» አለች። «ርቦኛል። ስንት ማንኪያ ልብላ?»

የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ኢንዱማቲ መልስ ፈለገች፤ ማንኛውም ቁጥር ሌላ ሚዛን ሆነባት። ሁለት ሳህን አወረደች። አንዱን ለልጇ ሞላች፣ ሌላውን ለራሷ። የዕለቱን አንድ ምግቧን ከሰዓት በኋላ፣ እንግዶቹ ሲወጡ፣ በልታለች፤ በአሥራ ሁለት ትርፍ ወር፣ በአሥራ ሦስተኛውም እስከዚያች ሰዓት፣ ሁለተኛ ሳህን ነክታ አታውቅም። ቪሽኑ ደግሞ ቀን በእንግድነት መጥቶ አምስት ቂጣ በልቷል፤ አይጎድልበትም። እናትና ልጅ ወለሉ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኢንዱማቲ ቀድማ ጎረሰች፤ ኬታኪ አይታ ተከተለቻት። ሳሎን ውስጥ ዋማን የጧቱን ጋዜጣ እንደገና ያገላብጣል።

አራተኛው ጉርሻ ላይ ኬታኪ ማኘኳን አቆመች፤ ፊቷን ቅጭም አደረገች።

«እማ፣ ይሄ ወጥ ጨው የለውም» አለች። «ምንም ጨው የለውም። እንዴት ነው የምትበሉት?»

ኢንዱማቲ ተነሥታ ጨው አመጣች።